ከሴባስቶፖል እስከ ወፍጮ ቤት ዘንግ፤ መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት በምዕራብ ወሎ ደጋ

በ1860 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ወራት፣ በሽሎን ተሻግሮ ወደ መቅደላ በሚያወጣው መንገድ ላይ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ዓይነት መድፍ አለፈ። የመጀመሪያው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ነበር። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋው ይህ መድፍ በጋፋት ተቀልጦ ከተሠራ በኋላ፣ በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጐተተ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወራት በፈጀ ጉዞ ከአምባው ደረሰ። ሁለተኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን የወጣው የእንግሊዞች የተራራ መድፍ ነው። የዚህኛው አካል ክብደት 68 ኪሎ ግራም ብቻ ስለነበረ አንዲት በቅሎ ትሸከመዋለች፤ መንኰራኵሩ፣ አልጋውና ጥይቱ ለሌሎች በቅሎዎች ይከፋፈላል። በክብደት ቢመዘን የሴባስቶፖልን መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

እርግጥ ነው፤ ሁለቱን በክብደት ብቻ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሴባስቶፖል ትልቅ ጥይት ወደ ላይ ወርውሮ ምሽግ ለማፍረስ የታሰበ ሞርታር ሲሆን፣ የበቅሎው መድፍ ግን ከሦስት ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ጥይት የሚተኩስ ትንሽ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መሐንዲስ ከሁለቱ ፊት ቢቆም አስቀድሞ የሚጠይቀው ከምን እንደ ተሠሩ ነው። ሴባስቶፖል ነሐስ ነው። የበቅሎው መድፍ አረብ ብረት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከዚያም ወዲህ ያ ብረት ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ አቀስታ፣ ወደ አጅባርና ወደ ወረኢሉ ደጋ በምን መንገድ እንደ ገባና ምን ሳይዝ እንደ ገባ ነው።

ነሐስ የተመረጠው ሙያተኞቹ ስላነሱ አልነበረም። በጋፋት የነበሩት እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና እንደ ሞሪትዝ ሆል ያሉት አውሮፓውያን፣ ከእነርሱም ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ባለ እጆች፣ በንጉሠ ነገሥቱ ብርቱ ግፊት ባልለመዱት ሥራ ገብተው፣ ከተደጋጋሚ ውድቀት በኋላ ከፍ ያለ ነገር ለማቅለጥ በቅተዋል። ያገዳቸው የእሳት ልክ ነው። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሰጡት ነሐስ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ይህንንም ከሰልና ብርቱ ወናፍ ሊያደርሰው ይችላል። ንጹሕ ብረት ግን 1,538 ዲግሪ ይፈልጋል። ጥቂት ካርቦን ሲገባበት የመቅለጫው ልክ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ለመድፍ የሚስማማው ብረት ወደ 1,500 ዲግሪ ካልተጠጋ እንደ ውሃ አይፈስም። በእጅ ወናፍ ጥቂት ብረት ማጋልና መቀጥቀጥ ይቻላል፤ ሰባ ኩንታል ቀርቶ ሰባት ኩንታል በአንድ ጊዜ አቅልጦ ወደ ቅርጽ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ጕድለት ሳያውቁት አልቀሩም። በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ጠመንጃ ሠሪ፣ የብረት ማቅለጥ ዐዋቂና ለማቅለጫው የሚያገለግል የእንፋሎት ሞተር ይገኙባቸዋል። ባለሙያዎቹ ከመሣሪያዎቻቸው ጋር እስከ ምጽዋ መጡ፤ የእስረኞቹ ጉዳይ ሳይፈታ ስለ ቀረ ከዚያው ተመለሱ። በዚያ ዘመን የነበረው አለመግባባት በዲፕሎማሲ ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል። በብረት ሥራ ታሪክ ግን ከምጽዋ የተመለሱት ሣጥኖች ተገቢውን ቦታ ያገኙ አይመስልም።

ዓመታቱን ጐን ለጐን ላስቀመጣቸው ሰው ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። በ1856 ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ጥሬ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት አረብ ብረትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራበትን ዘዴ አስታወቀ። በ1865 የሲመንስና የማርቲን ምድጃ ሥራ ጀመረ። በ1868፣ ይኸውም በመቅደላው ዓመት፣ ሮበርት ሙሼት ቱንግስተን የገባበትን፣ ሌላውን ብረት ሲቆርጥ ቢግል እንኳ ቶሎ የማይዶለዱም የቶርኖ ቢላዋ ብረት አወጣ። አውጉስት ቬለር በበኩሉ በነዚያው ዓመታት በፕሩሲያ የባቡር መንኰራኵር ዘንጎችን በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ እያዞረ፣ አንድ ዘንግ ሊሸከመው ከሚችለው ሸክም እጅግ ባነሰ ሸክም እንዴት እንደሚሰበር ይመረምር ነበር። እንግዲህ አረብ ብረት ከውድ ዕቃነት ወጥቶ የፋብሪካ ሸቀጥ የሆነው ሴባስቶፖል ከጋፋት ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ባለው ትውልድ ውስጥ ነው። ቴዎድሮስ የተሸነፉት ጥንታዊ በሆነ ዕውቀት አልነበረም፤ አውሮፓ ራሷ ገና በመማር ላይ ሳለች ነው።

አሁን ወደ ብረቱ ራሱ እንመለስ። መካከለኛ ካርቦን ያለው አረብ ብረት የሚባለው ከመቶ እጅ ከ0.30 እስከ 0.60 ያህሉ ካርቦን የሆነው ነው። በቶርኖ ቤት በብዛት የሚፈለገው በመካከሉ ላይ ያለው 0.45 ነው። ይህ ማለት በአንድ ኩንታል ብረት ውስጥ 450 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ካርቦን አለ ማለት ነው። ለቤት ሥራ የሚውለው ለስላሳ ብረት 200 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ይይዛል። ይህች ከሩብ ኪሎ ብዙ የማትርቅ ልዩነት የብረቱን ጠባይ ትለውጠዋለች። ለስላሳው ብረት ሳይመለስ መጉበጥ የሚጀምርበት ኃይል በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ 235 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ የ0.45ቱ ከጋለ በኋላ በአየር ሲበርድ ብቻ እንደ ውፍረቱ ከ305 እስከ 340 ኒውተን ይችላል፤ የሚበጠሰውም ወደ 600 ኒውተን ሲጠጋ ነው።

ዋናው ጥቅሙ ግን ይህ አይደለም። ከ820 እስከ 860 ዲግሪ አግሎ በውሃ ወይም በዘይት ድንገት ሲያቀዘቅዙት ገጹ ሞረድ የማይነክሰው ይሆናል፤ በሮክዌል ሲ መለኪያ 55 ይደርሳል። እንዲህ ብቻ ከተተወ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። እንደገና ከ550 እስከ 660 ዲግሪ ሲሞቅ ከጥንካሬው ጥቂት ሰጥቶ ጽናትን ይገዛል። ለስላሳው ብረት በውሃ ቢነከር ይህን ያህል የሚለወጥ ነገር የለውም፤ ብዙ ካርቦን ያለው ደግሞ ለቢላዋና ለሞረድ እንጂ ምት ለሚቀበል ዘንግ አይሆንም። የመሽከርከሪያ ዘንግ፣ የማርሽ ጥርስ፣ ብርቱ ቡሎንና የሞተር ኮሎዶካ ከዚህ መካከለኛ ቤተሰብ የሚወለዱት ስለዚህ ነው። በቶርኖ ላይም ልከኛ ጠባይ አለው፤ እንደ ለስላሳው ብረት ከቢላዋው ጋር እየተጣበቀ ገጹን አያሻክርም፤ እንደ ጠንካራውም ቢላዋ አይጨርስም። በተራ የቶርኖ ቢላዋ በደቂቃ ከ25 እስከ 30 ሜትር ፍጥነት፣ በካርባይድ ደግሞ ከዚያ አራት ወይም አምስት እጥፍ ይላጋል።

ሁለት ገደቦቹን አለመናገር ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። አንደኛው፣ የውሃው ጥንካሬ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ቀጭን ዘንግ እስከ ልቡ ሲጠነክር፣ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ጠንክሮ ልቡ እንደ ነበረ ይቀራል። እስከ ልቡ እንዲጠነክር የሚፈለግ ወፍራም ዘንግ ክሮምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት ይሻል። ሁለተኛው፣ ካርቦን የብረትን ጥንካሬ እንጂ ግትርነቱን አይጨምርም። ማንኛውም አረብ ብረት፣ ርካሹም ውዱም፣ በአንድ ዓይነት ሸክም እኩል ይለመጣል። ስለዚህ ሲዞር የሚርገበገብ ረጅም ዘንግ ያለው ባለ ንብረት የተሻለ ብረት ቢገዛ ዘንጉ አይሰበርበት ይሆናል፤ መርገብገቡ ግን ያው ነው። ለዚያ መድኃኒቱ ውፍረትን መጨመር ወይም ኩሽኔታዎቹን ማቀራረብ ነው።

ይህ ብረት ወደ ወሎ ደጋ የገባው በዘንግ መልክ አልነበረም፤ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሆኖ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጠመንጃ ነበር፤ የጠመንጃ አፈ ሙዝ ከዚሁ ቤተሰብ የሚሠራ ነውና። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የአድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋ ጦር የሚከትበት ቦታ ወረኢሉ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ያ ሠራዊት ተሸክሞት ያለፈው ጠመንጃና የሆችኪስ መድፍ፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ በዚህ ደጋ መሬት ላይ ከታየው አረብ ብረት ሁሉ የሚበልጥ ሳይሆን አይቀርም። በአካባቢው ከነበሩት አንጥረኞች መካከል ግን አፈ ሙዙ ከምን እንደ ተሠራ የሚነግረው ሰው ያገኘ አልነበረም። አንጥረኛው ራሱ በማኅበረሰቡ ዘንድ የነበረው ቦታ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዐዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም። ሙያውን እንደ ውርደት የሚቆጥር ኅብረተሰብ ደግሞ ዕውቀቱ እንዲጻፍ፣ እንዲመረመርና ከአባት ወደ ልጅ ከማለፍ አልፎ ለሌላው እንዲዳረስ አያደርግም።

ቀጥሎ የመጣው መኪና ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመታት አዲስ አበባን ከደሴና ከአሥመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሠርተው የጭነት መኪና አጋዙበት። ከእነርሱም በኋላ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ለረጅም ዓመታት የአገሪቱን ጭነት ተሸክሟል። የጋራዥና የብረት ሥራ ቤት ቋንቋ እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ማኅተም ይዟል፤ ቶርኖ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ላሜራ፣ ጊዛ፣ ፌሮ፣ ኮሎዶካ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። የአንጥረኛው ወናፍ፣ ጉጠት፣ መስፍና መዶሻ ግን በራሳቸው ስም ቀርተዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙት መኪናው ሲያረጅ ነው።

የባሌስትራ ስባሪ ለደጋው አንጥረኛ እንደ ሲሳይ የሚቆጠር ነገር ነው። ባሌስትራ ከ0.50 እስከ 0.60 የሚሆን ካርቦን፣ ከእርሱም ጋር ሲሊከን ወይም ክሮም ይዟል፤ ከመካከለኛው ቤተሰብ የላይኛው ዳር ላይ ነው። ቀድሞ ከለስላሳ ብረት የሚሠራው ማረሻ በድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ እያለቀ በየጊዜው ወደ እሳት ይመለስ ነበር። ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ፣ መጥረቢያና ገጀራ ግን ዕድሜው የተለየ ነው። ይህንንም ገበሬው ከማንም በፊት ዐወቀ። አንጥረኛው ብረቱን በስም አያውቀውም፤ በእሳት ውስጥ በሚያሳየው ቀለም፣ በመዶሻው ሥር በሚሰጠው ስሜት፣ በውሃ ሲነከር በሚያሰማው ድምፅ ግን ይለየዋል። ብዙ ብረት በውሃ ተሰንጥቆበት ካየ በኋላ ስለቱን ብቻ ነክሮ ጀርባውን በቀስታ ያቀዘቅዛል፤ በጀርባው የቀረው ሙቀትም ተመልሶ ስለቱን ያለዝበዋል። ይህ በመጽሐፍ ቋንቋ ማጠንከርና ማለዘብ በአንድ ሙቀት ተከናወነ ማለት ነው። በመማሪያ ክፍል ብዙ ሰዓት የሚወስደውን ትምህርት እርሱ ከስብርባሪ ተምሮታል ማለት ግነት አይሆንም።

ከመኪናው ጋር ሌላም ነገር መጣ፤ የስም ብዛት። ያው የ0.45 ብረት በጀርመንና በጣሊያን ሲ 45፣ በአሜሪካ 1045፣ በሶቪየት ኅብረት ስታል 45፣ በጃፓን ኤስ 45 ሲ ይባላል። ቻይናዎች በቀላሉ 45 ቁጥር ይሉታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 በጦርነቱ መካከል ባወጡት አቈጣጠር ኢ.ኤን 8 ብለው የሰየሙት ካርቦኑ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ 0.40 አካባቢ ነው። አገሪቱ በየዘመኑ ከየትኛው መንግሥት ጋር እንደ ተወዳጀች በዕቃ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ ማንበብ ይቻላል። ከፊያት ቀጥሎ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሞተሮች፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ዚልና ኢፋ፣ ኋላም የጃፓንና የቻይና መኪናዎች ሲገቡ እያንዳንዱ የራሱን ስም ይዞ መጣ። አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ በስድስት ስም የተመዘገበ አንድ ብረት ስድስት ዓይነት ብረት መስሎት ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም። ከዚህ የከፋው ግን ሁሉንም በአንድ ስም የሚጠራው ገበያ ነው። በብዙ ሱቅ ድቡልቡል የሆነ ብረት ሁሉ የዘንግ ብረት ነው። ዋጋው በኪሎ ይነገራል፤ ካርቦኑ ግን አይነገርም።

የዚህን ውጤት ለማየት በመካነ ሰላም ዙሪያ እንዳለው ባለ የደጋ ወፍጮ ቤት መግባት ይበቃል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። በገበያ ቀን ወረፋው ሲረዝም፣ ሞተሩም ሲያቃስት፣ ቺንጋው በፑሌጃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ወፍጮ ነጂው የሚያውቀው መፍትሔ ቺንጋውን ማጥበቅ ነው። ቺንጋው በጠበቀ መጠን ዘንጉን ወደ ጐን የሚስበው ኃይል ይበረታል። ዘንጉ ደግሞ በመዞር ላይ ስለሆነ በአንድ ዙር ላይኛው ፊቱ አንድ ጊዜ ሲለጠጥ አንድ ጊዜ ሲጨመቅ ይውላል። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በስምንት ሰዓት ሥራ 288,000 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ታጠፈ ማለት ነው፤ በአራት ቀን ከሚሊዮን ያልፋል። ቬለር በፕሩሲያ ባቡሮች ዘንግ ላይ ያየው ነገር እነሆ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ በጤፍና በገብስ መካከል ይደገማል።

ስብራቱ የሚጀምረው ከየትም አይደለም። ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚወርድበት ትከሻ ላይ፣ ወይም ፑሌጃው በሚቆለፍበት ቦይ ጥግ ላይ ነው። ቶርኖ ሠራተኛው ትከሻውን በሹል ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ከቆረጠው ኃይሉ ሁሉ በዚያች ጥግ ይሰበሰባል፤ በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ክብነት ቢያሳርፈው ግን ዘንጉ ብዙ ዓመት ይኖራል። ይህ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ቢላዋውን በሞረድ ድንጋይ ማክበብ ብቻ ነው። የተሰበረው ፊት ላይ ታሪኩ ተጽፎ ይገኛል፦ ከጥጉ ተነሥቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት መስመር እየሠራ የሄደ ለስላሳ ክፍል ይታያል፤ ይህ ስንጥቁ በወራት ውስጥ የተጓዘበት ነው። ከዚያ የቀረው ሻካራ ክፍል በመጨረሻዋ ደቂቃ በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ነው። ለስላሳው ክፍል ሰፊ ከሆነ ሸክሙ ልከኛ ነበረ፤ ስንጥቁ በጊዜው ቢታይ ኖሮ ዘንጉን መቀየር ይቻል ነበር ማለት ነው። ባለ ወፍጮው ግን ዘንጉ «ድንገት» ተሰበረ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ስብራቱ በብየዳ ይጣበቃል፤ ወይም ያለቀው የኩሽኔታ መቀመጫ በብየዳ ይሞላና እንደገና ይላጋል። ካርቦኑ መካከለኛ የሆነ ብረት ቀዝቃዛ ሳለ ሲበየድ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ሥጋ በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ድንገት ስለሚቀዘቅዝ፣ ማንም ሳያስበው በውሃ እንደ ተነከረ ይጠነክራል፤ ተሰባሪም ይሆናል። ስለሆነም ዘንጉ ሁለተኛ ጊዜ የሚሰበረው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ዳር ነው። በያጁም «የኔ ብየዳ ያዘ» ሲል እውነቱን ነው። ከመበየዱ በፊት ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ማሞቅ፣ ሃይድሮጅኑ ያነሰውን ኤሌክትሮድ መምረጥ፣ በመጨረሻም በአመድ ወይም በደረቅ ኖራ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ይህን ጕዳት በብዙ ይቀንሰዋል። አመድ በደጋው ላይ የማይገኝበት ቤት የለም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት መቀመጫውን ማቅጠን ነው። 50 ሚሊ ሜትር የነበረው ዘንግ ያረጀው ገጹ ተላግቶ 45 ሲሆን፣ የጠፋው አንድ አሥረኛ ብቻ ይመስላል። መታጠፍን የመቋቋም ኃይሉ ግን ከውፍረቱ ሦስተኛ ብዜት ጋር ስለሚሄድ ከመቶ 27 እጅ ይቀንሳል፤ ግትርነቱ ደግሞ ከመቶ 34 እጅ ይጐድላል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አዲስ ዘንግ አስላግቶ ማስመጣት የቀናት ጉዳይ ነው። በነዚያ ቀናት የአካባቢው እናቶች እህሉን በአህያ ወይም በጀርባቸው ጭነው ወደ ሌላ ቀበሌ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ ወይም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ የኤሌክትሪክ ሞተር የናፍጣውን ተክቷል፤ ከፍታው የሚያመጣው የጕልበት ጕድለትም በዚያው መጠን ቀንሷል። ቺንጋውን ከልክ በላይ የማጥበቁ ልማድ ግን ከናፍጣው ጋር አብሮ አልሄደም።

የአገሪቱ ተቋማት ይህን ብረት በማወቅ በኩል ባዶ ነበሩ ለማለት አይቻልም። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የተቋቋመው የባቡር ሥራ ቤት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ዘንግና መንኰራኵር እያስላገ የአገሪቱ ትልቁ የብረት ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከጅምሩ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ክፍል ነበረው። የአዲስ አበባው ተግባረ እድም ለትውልድ ቶርኖ ሠራተኞችን አፍርቷል። ለመለዋወጫ ሥራ ታስቦ የተቋቋመው የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ማቅለጫ፣ መቀጥቀጫና የሙቀት ማከሚያ ክፍሎችን በአንድ ግቢ አሰባስቦ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በዚያ ሥር ገባ። የአገር ውስጥ ማቅለጫዎች ግን በአብዛኛው የሚሠሩት ለሕንፃ የሚሆን ፌሮ ነው። ለቶርኖ የሚሆነው የ0.45 ዘንግ ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ነው። ምንዛሪ ባጠረ ቁጥር ባለ ቶርኖው ያገኘውን ይላጋል፤ ያገኘውም አንዳንድ ጊዜ ወፍራም ፌሮ ይሆናል። ፌሮ ለሕንፃ ጥሩ ብረት ነው፤ በኮንክሪት ውስጥ ተኝቶ ለመሳብ እንጂ በኩሽኔታ ላይ ለመሽከርከር አልተሠራም።

የብረቱን ማንነት ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሞረድ ድንጋይ ላይ ሲነካ ለስላሳው ብረት ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ እምብዛም የማይፈነዳ ብልጭታ ይሰጣል፤ መካከለኛው በየጫፉ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ብዙ ካርቦን ያለው እንደ ርችት ይበተናል። በስም የታወቀ ቁራጭ ከጐን አስቀምጦ ማነጻጸር ደግሞ ግምቱን ያጠራዋል። ለማጠንከሪያው ሙቀትም ቢሆን ማግኔት ይበቃል፤ ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ስለሚያቆም፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጨምሮ መንከር ነው። አዲስ ዘንግ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ጫፉ በቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ የዓይነቱ መታወቂያ ነው። በየሱቁ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ይኸው የተቀባው ጫፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው አምስት ሜትር ስም የለውም።

የተሰበረው የወፍጮ ዘንግ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ጥቂት ወራት ይቆያል። በመጨረሻ አንጥረኛው ይገዛዋል፤ ከጫፉ ቆርጦ ያግለዋል፤ ሳስቶ እስኪሾል ይቀጠቅጠዋል፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሞረድ ይሞክረዋል። ሞረዱ ከተንሸራተተ መጥረቢያ ይሆናል። ሞረዱ ከነከሰው አንጥረኛው ወደ ጐን ይጥለውና ለበር ማጠፊያ ያስቀምጠዋል። ያ ዘንግ ለምን እንደ ተሰበረ በዚያ አካባቢ የመጀመሪያው ዐዋቂ እርሱ ነው፤ ባለ ወፍጮው ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ዘንግ ገዝቶ ገጥሟል።